ዶሊ ስንት ዓመቷ ነበር?

ስኮትላንድ ውስጥ፣ ከኤድንብራ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የሮዝሊን የምርምር ተቋም፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2003 አንዲት በግ በእንስሳት ሐኪም መርፌ እስከ ወዲያኛው እንድታሸልብ ተደረገ። ሳምባዋ ውስጥ ዕጢ በቅሎ ስለነበር ነው። የበግ ሞት ወሬ በማይሆንበት ዓለም የዚህችኛዋ ሞት የየአገሩን ጋዜጣ ያጣበበው ስሟ ዶሊ ስለነበረ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ዶሊ ስትሞት የስድስት ዓመት ተኩል በግ ነበረች። የእርሷ ዓይነት በጎች በደህና ከተያዙ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ይኖራሉ። እርሷ የተገኘችበት ህዋስ የተወሰደው ደግሞ ከስድስት ዓመት በግ ነው። ስድስትና ስድስት ተኩል ሲደመር አሥራ ሁለት ተኩል! ሒሳቡ እንዲህ ልክክ ብሎ ሲገኝ ማን ዝም ይላል? “ዶሊ ስትወለድም አሮጊት ነበረች፤ የኖረችው ከእናቲቱ የተረፈውን ግማሽ ዕድሜ ነው” ተባለ። ዛሬም የዶሊ ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው።

ሒሳቡ ስሕተት ነው። ለምን ስሕተት እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ይህን ስሕተት ለምን እንደወደድነው ነው። ከመውደዳችን በስተጀርባ ስለ ሞት፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ምትክ የምናስበው ብዙ ነገር ተደብቋል።

በቅድሚያ ነገሩ እንዴት እንደተሠራ እናስታውስ። ኢያን ዊልሙት፣ ኪት ካምቤልና የሥራ ጓደኞቻቸው ፊን ዶርሴት ከሚባል ዝርያ የሆነች የስድስት ዓመት እርጉዝ በግ ግት ላይ የተወሰዱ ህዋሳትን በቤተ ሙከራ አሳደጉ። ምግባቸውን ቀንሰው መባዛታቸውን አስቆሙ፤ አስተኟቸው ብንል ይቀላል። ከዚያም ከስኮትላንድ ፊተ ጥቁር በግ እንቁላል ወስደው፣ አስኳሉን አውጥተው፣ በባዶው እንቁላልና በግቱ ህዋስ መካከል ኤሌክትሪክ አሳልፈው ሁለቱን አዋሐዷቸው። ይህ የተሳካላቸው 277 ጊዜ ነው። ከ277ቱ ውስጥ ወደ ማህፀን ለመግባት የበቁት ጽንሶች 29 ብቻ ነበሩ። 13 በጎች ተሸከሟቸው። ጁላይ 5 ቀን 1996 አንዲት ጠቦት ብቻ በሕይወት ተወለደች። የተሸከመቻት በግ ፊቷ ጥቁር ነበር፤ ጠቦቷ ግን ፊተ ነጭ። ህዋሱ ከግት የመጣ ስለሆነ በአሜሪካዊቷ ዘፋኝ በዶሊ ፓርተን ስም ሰየሟት። የተመራማሪዎች ቀልድ አንዳንዴ ከእረኛ ቀልድ አይሻልም።

የህዋሱ ባለቤት የሆነችው በግ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረችም። ህዋሷ ግን በበረዶ ተቀምጦ ነበር። እንግዲህ ጥያቄው ከዚህ ይነሳል፤ የሞተች በግ ህዋስ አዲስ በግ ሲሆን፣ አዲሲቱ በግ ዕድሜዋን መቁጠር የምትጀምረው ከየት ነው?

የህዋስ ዕድሜ ነገር ከዶሊ በፊት ረዥም ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አሌክሲስ ካሬል በ1912፣ የኖቤል ሽልማት ባገኘበት ዓመት፣ ኒውዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ከጫጩት ሽል ልብ ላይ ቅንጣት ሥጋ ወስዶ በብልቃጥ ማሳደግ ጀመረ። ያ ሥጋ ካሬል በ1944 ከሞተ በኋላ እንኳ እስከ 1946 ድረስ ኖሯል ተባለ። ሠላሳ አራት ዓመት የኖረ የዶሮ ሥጋ! ከዚህም ህዋስ በራሱ የማይሞት ነው፤ የሚሞተው ከሌሎች ጋር በአካል ውስጥ ስለሚኖር ብቻ ነው የሚል ትምህርት ወጣ። ትምህርቱ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በየመጽሐፉ ሰፍሮ ኖረ። ካሬል ያደረገውን ሞክሮ የተሳካለት ሌላ ሰው ግን አልተገኘም። ያልተሳካለት ሁሉ ጥፋቱን በራሱ ላይ አላከከ። የኖቤል ተሸላሚ ተሳሳተ ከማለት “እኔ ብልቃጡን በደንብ አላጠብኩም” ማለት ይቀል ነበርና። በኋላ እንደተገመተው ለህዋሳቱ ምግብ ይሆን ዘንድ በየጊዜው የሚጨመረው የጫጩት ሽል ጭማቂ ራሱ ሕያዋን ህዋሳት ሳይኖሩበት አልቀረም። በሌላ አነጋገር ድስቱ ያው ሆኖ፣ ወጡ ግን በየጊዜው ይለወጥ ነበር።

ይህን ያፈረሰው ፊላዴልፊያ በሚገኘው የዊስታር ተቋም ይሠራ የነበረው ሊዮናርድ ሄይፍሊክ ነው። ከባልደረባው ከፖል ሙርሄድ ጋር በ1961 ባሳተመው ጥናት፣ ከሰው ጽንስ የተወሰዱ ጤነኛ ህዋሳት ሃምሳ ጊዜ ያህል ከተባዙ በኋላ እንደሚያቆሙ አሳየ። ምግቡ አንድ ነው፤ ብልቃጡ ንጹሕ ነው፤ ህዋሱ ግን ይበቃኛል ይላል። ሄይፍሊክ አሳማኝ የሆነ ማስረጃም አበጀ። ብዙ ጊዜ የተባዙ የወንድ ህዋሳትንና ገና ጥቂት ጊዜ የተባዙ የሴት ህዋሳትን በአንድ ብልቃጥ ቀላቅሎ አሳደገ። ጊዜው ሲደርስ በብልቃጡ ውስጥ የቀሩት የሴቶቹ ብቻ ሆነው ተገኙ። ጥፋቱ የብልቃጥ ወይም የምግብ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አብረው ባለቁ ነበር። የሚገርመው፣ ጽሑፉን በመጀመሪያ የላከው ካሬል ይሠራበት የነበረው ተቋም ለሚያሳትመው መጽሔት ነበር፤ መጽሔቱም ሳይቀበለው መለሰለት።

ከሄይፍሊክ ግኝቶች ሁሉ ለእኔ የሚደንቀኝ ይህኛው ነው። ሃያ ጊዜ የተባዛ ህዋስ በብርድ ቢደርቅና ከዓመታት በኋላ ቢቀልጥ፣ ካቆመበት ይቀጥልና የቀረውን ሠላሳ ያህል ተባዝቶ ያቆማል። በበረዶ ያሳለፈው ዘመን አይቆጠርበትም። ህዋስ የሚቆጥረው ፀሐይ መውጣቷንና መግባቷን ሳይሆን መከፈሉን ነው። እኛ “ስንት ዓመትህ ነው?” ብለን የምንጠይቀውን ጥያቄ ህዋስ አይረዳውም ማለት ነው።

የመቁጠሪያው ሥፍራም ቆይቶ ተገኘ። ሩሲያዊው አሌክሴይ ኦሎቭኒኮቭ በ1971 እንደጻፈው፣ ህዋስ በተከፈለ ቁጥር ክሮሞዞሞቹ ከጫፋቸው ጥቂት ጥቂት ያጥራሉ። ሐሳቡ የመጣለት ሞስኮ ውስጥ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ቆሞ ሳለ ነው ይባላል። ያ ጫፍ ቴሎሜር ይባላል። ሸማ ከተቋጨ ጫፉ እንደማይተረተር ሁሉ ቴሎሜርም ክሮሞዞሙ እንዳይበተን ይጠብቃል፤ ቁጭቱ ሲያልቅ ግን ህዋሱ መከፈል ያቆማል። ይህን ጫፍ መልሶ የሚያስረዝም ቴሎሜሬዝ የሚባል ኢንዛይም መኖሩንም ካሮል ግራይደርና ኤልሳቤጥ ብላክበርን በ1980ዎቹ ደረሱበት፤ ከጃክ ሾስታክ ጋርም በ2009 ኖቤል ተሸለሙ።

አሁን ወደ ዶሊ እንመለስ። በ1999 የዶሊ ቴሎሜሮች በዕድሜ እኩያ ከሆኑ በጎች ቴሎሜሮች 20 በመቶ ያህል አጥረው መገኘታቸው ታተመ። በጃንዋሪ 2002 መገጣጠሚያዋን እንደሚያማት ተነገረ። በቀጣዩ ዓመት ሞተች። ከዚህ በኋላ ያንን ሒሳብ ከሰው አእምሮ ማውጣት የሚቻል አልነበረም።

ይሁን እንጂ ዶሊን የገደላት ዕጢ የመጣው ከእርጅና አልነበረም፤ በጎችን የሚያጠቃ፣ ከበግ ወደ በግ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው ያመጣው። በተቋሙ ከእርሷ ጋር የኖሩ፣ በተለመደው መንገድ የተወለዱ በጎችም ይዟቸው ነበር። ያጠሩት ቴሎሜሮችም ቢሆኑ የሁሉም ዕጣ አልነበሩም። በ2000 አሜሪካ ውስጥ ካረጁ ህዋሳት የተገኙ ጥጆች ቴሎሜሮቻቸው ከእኩዮቻቸው እንዲያውም ረዝመው ተገኙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የዶሊ እኅቶች አሉ፤ እኅት ማለት ከተቻለ። ኪት ካምቤል በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ዶሊ ከተገኘችበት ከዚያው የግት ህዋስ አራት በጎች አስወልዶ ነበር፤ ስማቸው ዴቢ፣ ዴኒዝ፣ ዳያናና ዴይዚ ነው። እነዚህ በጎች ከሌሎች በክሎኒንግ ከተወለዱ ዘጠኝ በጎች ጋር ተመርምረው በ2016 ውጤቱ ሲታተም፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜ ላይ ደርሰው በጥቅሉ ጤነኞች ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የዶሊ አጽም በራጅ ታይቶ የመገጣጠሚያዋ ጉዳት ለዕድሜዋ እንግዳ እንዳልሆነ ተጻፈ።

ስለዚህ ዶሊ ስንት ዓመቷ ነበር ቢባል፣ ስድስት ዓመት ተኩል ነበር። እንቁላል የተባለው ነገር የገባበትን አስኳል ያለፈ ታሪኩን አስረስቶ እንደ ገና ከሀሁ ያስጀምረዋል። ሁልጊዜ በደንብ አያስረሳም፤ 277ቱ ምስክር ናቸው። ሲሳካለት ግን ያስረሳል። ለነገሩ ይህ በየማህፀኑ በየዕለቱ የሚደረግ ነገር ነው። የአርባ ዓመት ሴት የምትወልደው ሕፃን የአርባ ዓመት ሰው አይደለም።

እንግዲህ ሒሳቡን ለምን ወደድነው? በበኩሌ መልሱ ከሳይንስ ይልቅ ከተረት ጋር የሚዛመድ ይመስለኛል። በተረት ዓለም አትክፈት የተባለውን በር የከፈተ ሰው ሳይቀጣ አይወጣም። ዶሊ በተከለከለ በር የገባች መሰለችን፤ ቶሎ መሞቷም ቅጣቱ። ብዙ ሰው “የፈጣሪን ሥራ መንካት” ሲል የተሰማውን ድንጋጤ ቴሎሜር የሚባል ቃል አግኝቶ ሳይንሳዊ ልብስ አለበሰው። ድንጋጤውን አልንቅም። የድንጋጤውን ዳኝነት ለቤተ ሙከራ አሳልፎ መስጠቱ ግን አደገኛ ነው። “ሰውን በዚህ መንገድ ማስወለድ ነውር ነው” የሚል ሰው፣ ለምን ሲባል “አርጅቶ ይወለዳልና” ብሎ ከመለሰ፣ አርጅቶ እንደማይወለድ በታወቀ ማግስት ምን ሊል ነው? ነውሩ በዚያ ቀን ነውር መሆኑ ሊቀር ነው?

ስለ 277ቱም የምለው ተመሳሳይ ነው። በጃንዋሪ 2018 የሻንግሃይ ተመራማሪዎች ዦንግ ዦንግና ኋ ኋ የተባሉ ሁለት ጦጣዎች በዚሁ ዘዴ መወለዳቸውን አስታወቁ፤ ሁለቱን ለማግኘት 79 ጽንሶች በ21 እንስት ጦጣዎች ማህፀን ውስጥ ገብተዋል። በዚህ ሚዛን ሰውን መሞከር በሕፃናትና በእናቶች ነፍስ ቁማር መጫወት ነው። ዛሬ ለዛሬ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አያስፈልግም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በማርች 2005 በ84 ድጋፍ፣ በ34 ተቃውሞና በ37 ድምፀ ተአቅቦ ሰውን በክሎኒንግ ማስወለድን የሚያወግዝ፣ አስገዳጅነት የሌለው መግለጫ አውጥቷል። ነገር ግን የሙከራው ቁጥር ሊሻሻል ይችላል። ቁጥሩ ቢሻሻልስ?

ያን ጊዜ የሚቀርልን አንድ ጥያቄ ነው፤ የምትክ ጥያቄ። ይህን ነገር ከልቧ የምትመኝ አንዲት ሰው አለች ብንል፣ ያቺ ሰው ዘላለም ልንገሥ የሚል እብድ ሀብታም ሳትሆን ልጇን የቀበረች እናት ናት። እርሷን ፊት ለፊት እያየ መልስ መስጠት የማይችል ሰው በዚህ ጉዳይ ባይናገር እመርጣለሁ።

በአገራችን ይህ ምኞት ስም አለው፤ እንዲያውም ብዙ ስም አለው። ምትኩ፣ ምትኬ፣ ተካ፣ ተካልኝ፣ ካሳ፣ ካሳሁን። እነዚህን ስሞች የሚሸከሙ ሰዎች ሁላችንም እናውቃለን፤ ከብዙዎቹ በፊት አንድ የሞተ ልጅ፣ አንድ የሞተ አባት አለ። ወላጆቻቸው ባዶው ቦታ ሞላልን ብለው ነው ስሙን ያወጡት። ታዲያ ወላጅ በስም ያደረገውን በህዋስ ቢያደርገው ልዩነቱ ምንድነው? መንትዮችም አንድ ዓይነት ጂን ይዘው ይወለዳሉ፤ ማንም አልተበደሉም።

ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል። ካሳሁን ካሳ የሚሆነው በስሙ ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ሲሆነው ሟቹ የማይወደውን ይወዳል፤ ሟቹ ዝምተኛ ከነበረ እርሱ ለፍላፊ ይሆናል፤ መልኩ ወደ አጎቱ ያዘነብላል። እናቲቱም ሳትወድ በግዷ ሌላ ሰው መምጣቱን ትቀበላለች። ሐዘኗም መልክ የሚይዘው በዚህ ነው። መንትዮችም አብረው ይጀምራሉ፤ አንዱ የሌላውን ሕይወት አስቀድሞ አላነበበውም። በህዋስ የተተካ ልጅ ግን ከመወለዱ በፊት ፎቶግራፉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በስምንት ዓመቱ ምን ዓይነት ጥርስ እንደሚኖረው ይታወቃል። ሂሳብ ቢከብደው “እርሱ እኮ ጎበዝ ነበር” ይባላል፤ ቢቀለው ደግሞ “እንደ እርሱ” ይባላል። ፈላስፋው ሃንስ ዮናስ ዶሊ ከመወለዷ ከ20 ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ ሰው ማን እንደሚሆን ሳያውቅ የመጀመር መብት አለው ብሎ ሲከራከር ይህንኑ አይቶ ነበር።

በዚህ ላይ የሚነሳውን መቃወሚያ አውቃለሁ። ልጁን ሐኪም ካልሆንክ የሚል አባት ያለ ክሎኒንግም ሞልቷል፤ ልጇን የራሷ ሁለተኛ ዕድል አድርጋ የምታሳድግ እናትም እንዲሁ። እውነት ነው፤ በደሉ ያለው በህዋሱ ውስጥ ሳይሆን በወላጅ ዓይን ውስጥ ነው። ነገር ግን ያ አባት ማስረጃ የለውም። ልጁ “እኔ አንተ አይደለሁም” ሲለው ዞሮ ዞሮ ይሸነፋል። ሌላኛው ልጅ ይህን ቢል ወላጁ ላቦራቶሪ የሰጠውን ወረቀት ያሳየዋል።

ወረቀቱ ደግሞ ይዋሻል። በዲሴምበር 2001 ቴክሳስ ውስጥ በክሎኒንግ የተወለደችው ሲሲ የተባለች ድመት የተገኘችው ሬይንቦው ከምትባል ባለ ሦስት ቀለም ድመት ነው። ሲሲ ግን ቡኒማ ዝንጉርጉርና ነጭ ሆና ተወለደች፤ ብርቱካንማው ቀለም የለም። እንስት ድመት ካሏት ሁለት ኤክስ ክሮሞዞሞች በየህዋሱ አንዱ ዝም ይላል፤ በተወሰደው ህዋስ ዝም ያለው ብርቱካንማውን የያዘው ነበር። አንድ ዓይነት ጂን፣ ሌላ ድመት። ሲሲ አሥራ ስምንት ዓመት ኖራ በ2020 ሞተች፤ እርሷም አርጅታ አልተወለደችም። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ለከፈለ ሰው የሞተ ውሻውን የሚያስወልዱ ኩባንያዎች አሉ። ዘፋኟ ባርብራ ስትራይሳንድ በ2018 ከሞተችው ውሻዋ ሁለት ቡችሎች ማስገኘቷን ስትናገር፣ ጠባያቸው የተለያየ መሆኑን አብራ ተናግራለች። ውሻ እንኳ ምትክ መሆን እምቢ ይላል። የሚያሳዝነው ግን ምትክ አለመሆኑ ሳይሆን፣ ሰው ቢሆን ኖሮ አለመሆኑን ዕድሜ ልኩን ሲያስረዳ መኖሩ ነው።

ሌላው ምኞት፣ ራስን ለማኖር መፈለግ፣ ብዙ ሐተታ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ህዋስን የማይሞት ማድረግ ይቻላል፤ ተደርጓልም። ሄንሪየታ ላክስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት፣ የአምስት ልጆች እናት፣ በ1951 ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በማህፀን በር ካንሰር በ31 ዓመቷ ሞተች። ሳትጠየቅ ከዕጢዋ የተወሰዱት ህዋሳት ቴሎሜሬዝ አላቸውና የሄይፍሊክን ወሰን አያውቁም፤ እስከ ዛሬ በመላው ዓለም ቤተ ሙከራዎች ይባዛሉ። ለፖሊዮ ክትባት ጥናት ረድተዋል፤ ከእነርሱ የተገኘውን ገንዘብ የሚቆጥረው የለም። ልጆቿ ግን ይህን የሰሙት ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይተው ነው፤ ቤተሰቡ ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ጋር በስምምነት የጨረሰውም በ2023 ነው። ሕይወቷን የቀጠፉት ህዋሳት አልሞቱም፤ እርሷ ግን ሞታለች። ህዋስ እንዳይሞት የሚያደርገው ያው ኢንዛይም ከአሥር የካንሰር ዕጢዎች በዘጠኙ ገደማ ሥራ ላይ ይገኛል። ሃምሳ ጊዜ ቆጥሮ የሚያቆመው ህዋስ እንግዲህ ከዚህ ነው የሚጠብቀን፤ ለዚህም ጥበቃ ከምንከፍላቸው ነገሮች አንዱ እርጅና ነው ብለው ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ።

ይህን ስል እርጅና መልካም ነው፣ ሞት ይመረጣል ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለው ስብከት ለጤነኛ ሰው አፍ ይቀላል። ጉልበቱ የከዳው ሽማግሌ መድኃኒት ቢፈለግለት ደስታዬ ነው፤ የህዋስን እርጅና ከሚያጠኑት መካከልም ብዙዎቹ የሚደክሙት ለዚሁ ነው እንጂ ለዘላለማዊነት አይደለም። ሄይፍሊክ ራሱ የወጣትነት መድኃኒት አለኝ የሚሉ ነጋዴዎችን ሲነቅፍ ኖሯል። በኦገስት 2024፣ በ96 ዓመቱ ሞተ። በ1962 ያሳደጋቸውና ለኩፍኝ መሰል በሽታዎች ክትባት መሥሪያ የሆኑት፣ ደብሊዩ አይ 38 የሚባሉት የሰው ህዋሳት የመጀመሪያ ብልቃጦች ለብዙ ዓመታት በመኖሪያ ቤቱ ጋራዥ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን በተሞላ ማስቀመጫ ውስጥ ነበሩ። ስንት ጊዜ እንደተባዙ በየብልቃጡ ይታወቃል። ቢቀልጡ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።